«የፀሐይ ዘሮች»፦ በቻይና ገንዘብ የተገዛው ጊዜ

ማርች 10 ቀን 2011 ምሽት ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በደቡብ ኮሪያው ኤስቢኤስ ቴሌቪዥን «ሳይን» የተባለው ድራማ የመጨረሻ ክፍል እየታየ ነው። የአስከሬን ምርመራ ስለሚያደርጉ ሐኪሞች የሚተርክ፣ ብዙ ተመልካች ያፈራ ድራማ ነበር። ሰዉ መጨረሻውን ሊያይ ተሰብስቧል። ድንገት ድምፁ ጠፋ። ተዋናዮቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይሰማም። ያ የምናውቀው ባለ ብዙ ቀለም የሙከራ መስመርም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

የዚያ ምሽት ጥፋት የአንድ ቴክኒሻን ስንፍና አልነበረም። ቀረጻውና ኤዲቲንጉ እስከ ስርጭቱ ሰዓት ድረስ ስለተጎተተ የመጣ ነው። በወቅቱ የኮሪያ ድራማ አብዛኛው የሚሠራው እንደዚህ ነበር።

አንድ ድራማ በሳምንት ሁለት ቀን ይተላለፋል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስርጭቱ ሲጀመር ተሠርቶ ያለቀው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የቀረው እየታየ ይጻፋል፣ እየታየ ይቀረጻል። ደራሲዋ ሌሊቱን የጻፈችው ሦስት አራት ገጽ ጠዋት ለቀረጻው ቡድን ይደርሳል። «ጮክ ዴቦን» ይሉታል፤ ቁራጭ ስክሪፕት እንደማለት ነው። ተዋናዩ ቃሉን መኪና ውስጥ እየሄደ ያጠናል። የመብራት ሠራተኛው ቆሞ ያንቀላፋል። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ፊልም የሚያህል ነገር መውጣት አለበት፤ እንቅልፍ የሚባለው ነገር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩ ክፉ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምን አልተውትም? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ጣቢያው ለአዘጋጁ ድርጅት የሚከፍለው ወጪውን ሁሉ አይሸፍንም፤ ቀሪው ከማስታወቂያና ከውጭ ሽያጭ ይለቀማል። ድራማው መታየት ሳይጀምር ስድስት ሰባት ወር ሙሉ ሠራተኛ ቀጥሮ ማቆየት የሚችል ኪስ ያለው ትንሽ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ተመልካቹ ነው። ደራሲዋ የተመልካቹን ስሜት እያየች ታሪኩን ታዞረዋለች። ሕዝቡ የወደደውን ገጸ ባሕሪ ታረዝማለች፣ የጠላውን ታሳጥራለች። ሙሉ በሙሉ ቀድመው የተቀረጹ ጥቂት ድራማዎችም ዕድላቸው አላማረም። በ2010 ኤምቢሲ ያሳየው «ሮድ ነምበር ዋን» የተባለ የኮሪያ ጦርነት ድራማ ትልቅ ገንዘብ ፈስሶበት ተመልካች አጣ። «ቀድሞ የተቀረጸ ድራማ ይከስራል» የሚለው ወሬ እንደ እምነት ተያዘ።

ይህን እምነት የሰበረው «የፀሐይ ዘሮች» የተባለው የ2016 ድራማ ነው። የሰበረበት መንገድም በአብዛኛው የቻይና ነው። እኔ ድራማውን መጀመሪያ ያየሁት እንደ ብዙ ሰው በፍላሽ አስጭኜ ነበር። ያኔ ያስደሰተኝ የወታደሩና የሐኪሟ ፍቅር ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን ከካሜራው ጀርባ የነበረውን ሒሳብ በኋላ ሳውቅ ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከሌላ ድራማ ነው። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ኤስቢኤስ ከሌላ ፕላኔት ስለመጣ ወንድና ስለ አንዲት ዝነኛ ተዋናይ የሚተርክ የፍቅር ድራማ አሳየ። ቻይና ውስጥ በኢንተርኔት ተለቀቀ። አገር ተናወጠ ቢባል አይበዛም። ጀግናዋ በረዶ ሲጥል የተጠበሰ ዶሮና ቢራ ያምረኛል ስላለች ብቻ በቻይና ከተሞች ዶሮ ቤት በር ላይ ሰልፍ ተሰለፈ። በማርች 2014፣ በዓመታዊው የሕዝብ ኮንግረስ ስብሰባ ወቅት፣ ከአገሪቱ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የነበሩት ዋንግ ቺሻን ሳይቀሩ ስለ ኮሪያ ድራማ ተናገሩ። የኮሪያ ድራማ እንዴት ነው ከእኛ የቀደመው የሚል ቁጭት ነበረበት።

ከቁጭት በኋላ ሕግ ይመጣል። በሴፕቴምበር 2014 የቻይና የሬዲዮ፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለኢንተርኔት ቪዲዮ ድርጅቶች መመሪያ አወጣ። ከውጭ የሚመጣ ድራማ ሁሉ መመዝገብ አለበት። መጀመሪያው ብቻ አይበቃም፤ ሙሉው ከነቻይንኛ የግርጌ ጽሑፉ ቀርቦ መታየት አለበት። በመጠንም ገደብ ተጣለ። ከአፕሪል 2015 በኋላ ያልተመዘገበ ነገር ማሳየት ተከለከለ።

ልብ በሉ። ኮሪያ ውስጥ ድራማው እየታየ ነው የሚቀረጸው። ቻይና ደግሞ ሙሉውን ካላየሁ አልፈቅድም አለች። ስለዚህ በድሮው መንገድ የተሠራ ድራማ ቻይና የሚደርሰው ኮሪያ ውስጥ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የቻይና ተመልካች በስርቆት ኮፒ አይቶ ጨርሶታል። ማን ለቀዘቀዘ ምግብ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል? በሁለቱ አገሮች በአንድ ሰዓት ለማሳየት የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀርጾ መጨረስ።

ለዓመታት የተዋናዮችና የሠራተኞች ልመና ያላመጣውን ለውጥ የጎረቤት አገር ሳንሱር አመጣው። ይህን ስጽፍ ሳንሱርን ማመስገኔ አይደለም። ነገሩ የሆነው ግን እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ድራማው እንምጣ። ዘሩ የተዘራው በ2011 ነው። ኪም ዎን ሶክ የተባለ ጸሐፊ በአደጋ ቦታ ስለሚሠሩ ሐኪሞች የጻፈው ታሪክ በአንድ አገር አቀፍ የታሪክ ውድድር ተሸለመ። በኋላ ኪም ኡን ሱክ ገባችበት። እሷ በኮሪያ ድራማ ውስጥ ስሟ ብቻ ገንዘብ የሚያመጣ ደራሲ ናት። በሁለቱ እጅ ታሪኩ የልዩ ኃይል መኮንኑ የዩ ሺ ጂንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ የካንግ ሞ ዮን ፍቅር ሆነ። እሱ በሰላም አስከባሪነት፣ እሷ በበጎ ፈቃድ ሕክምና፣ ኡሩክ በምትባል በምናብ የተፈጠረች አገር ይገናኛሉ። መሬት ይንቀጠቀጣል፣ ሕንፃ ይደረመሳል፣ በሽታ ይገባል። በወረቀት ላይ እንኳ ውድ ድራማ ነው።

አዘጋጁ «ኔክስት ኢንተርቴይንመንት ወርልድ» ነበር፤ በአጭሩ «ኒው» ይባላል። ይህ ድርጅት የሚታወቀው በፊልም ማከፋፈል ነው። ከዚያ በፊት የቴሌቪዥን ድራማ ሠርቶ አያውቅም ነበር። የፊልም ሰው ስለሆነ ይሆናል ቀርጾ ጨርሶ ማሳየት ብርቅ ያልሆነበት። በኦክቶበር 2014፣ የቻይናው መመሪያ በወጣ ማግስት ማለት ይቻላል፣ «ሁዋጸ» የተባለ ትልቅ የቻይና የድራማ ኩባንያ 53.5 ቢሊዮን ዎን ከፍሎ የኒውን 15 በመቶ ድርሻ ገዛ። ሁለተኛው ትልቅ ባለድርሻ ሆነ።

የድራማው ጠቅላላ ወጪ 13 ቢሊዮን ዎን ገደማ ነው፤ በወቅቱ ምንዛሪ 11 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። ሁዋጸ ለኒው የከፈለው የዚህን አራት እጥፍ ነው ማለት ነው። ገንዘቡ ለዚህ ድራማ ብቻ የመጣ አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ባለድርሻ ከጀርባ ሲኖር ሰው ስድስት ወር ለመጠበቅ አቅም ያገኛል።

ለድራማው ብቻ የሚሠራ አንድ ልዩ ኩባንያ ተቋቋመ። ገንዘቡ ወደዚያ ይገባል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ትርፉ ከዚያ ይከፋፈላል። ኬቢኤስ የተባለው የኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ወገን ገባበት፤ ዳይሬክተሩ ሊ ኡንግ ቦክም የኬቢኤስ ሰው ነው። ዋናው ነገር ግን ከቻይና የመጣው ውል ነው። «አይቺዪ» የተባለው የቻይና የቪዲዮ ድርጅት ለአንድ ክፍል 250 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 16 ክፍል ነው፤ ድምሩ 4 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ከወጪው ከሦስት አንድ እጅ በላይ ከአንድ ገዢ ተሸፈነ ማለት ነው። የኮሪያ ጣቢያ የሚከፍለው አለ፤ የማስታወቂያው አለ፤ የጃፓንና የሌሎች አገሮች ሽያጭ ገና ይመጣል።

ቀረጻው በጁን 2015 ተጀመረ። ሶንግ ጁንግ ኪ ከወታደራዊ ግዴታው የተሰናበተው በዚያው ዓመት ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። የእውነት ዩኒፎርሙን አውልቆ ሳምንታት ሳይቆይ የድራማውን ለበሰ። ሶንግ ሄ ኪዮ ደግሞ በቻይና ቀድሞም የምትታወቅ ነበረች፤ እዚያ ፊልም ሠርታለች። ሁለቱን መምረጥ የጥበብም የገበያም ውሳኔ ነው።

ኡሩክ በካርታ ላይ የለችም። ግማሿ የተገኘችው ግሪክ ውስጥ ነው። በዛኪንቶስ ደሴት ናቫጊዮ የሚባል፣ ነጭ ገደል የከበበው የባሕር ዳርቻ አለ። አሸዋው ላይ በ1980 የተመታ የዛገ መርከብ ተጋድሟል። ሁለቱ ተዋናዮች እዚያ መርከብ ሥር የቆሙበት ትዕይንት የድራማው መለያ ሆኖ ቀረ። አራሆቫ የተባለችው የተራራ ከተማም ገብታበታለች።

ሌላኛዋ የኡሩክ ግማሽ የተሠራችው ኮሪያ ውስጥ፣ ቴቤክ በምትባል የድሮ የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ በተዘጋ የማዕድን ቦታ ላይ ነው። የወታደሮቹ ሰፈርና የሕክምና ጣቢያው እዚያ ተተከሉ። ቴቤክ ያለችው በጋንግዎን ግዛት ነው። ግዛቱ ለእኛ ባዳ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የተዋደቁት በዚሁ ግዛት ተራሮች ላይ ነው። ዋና ከተማው ቹንቾን ውስጥም የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ቆሟል። ከሥልሳ ዓመት በኋላ የዚያ ግዛት ተራራ በቴሌቪዥን የሰላም አስከባሪ ዘማቾች አገር ሆኖ ሲቀረጽ ማየት አንድ ስሜት ይሰጠኛል።

ቀረጻው እስከ ዲሴምበር 2015 ዘለቀ። ከስድስት ወር በላይ ለ16 ክፍል። በድሮው አሠራር 16 ክፍል በስምንት ሳምንት ታይቶ ያልቃል፤ ከመካከሉ አብዛኛው የሚቀረጸውም በእነዚያው ሳምንታት ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ አንድ አጋጣሚ ያሳያል። ወደ ማብቂያው ገደማ ሶንግ ጁንግ ኪ የድርጊት ትዕይንት ሲሠራ ክንዱን ተጎዳ። ቀረጻው ለጊዜው ቆመ፤ ታክሞ አርፎ ተመለሰ። ድራማው እየታየ ቢሆን ኖሮ አስቡት። ወይ የታመመውን ሰው በማስታገሻ ያሠሩታል፣ ወይ ስክሪፕቱን በአንድ ሌሊት ቀይረው ገጸ ባሕሪውን አልጋ ላይ ያስተኙታል፣ ወይ ስርጭቱ ይቋረጣል። ሦስቱም በኮሪያ ድራማ ታሪክ ውስጥ ሆነው ያውቃሉ። በ2011 አንዲት መሪ ተዋናይ የሥራውን ጫና ተቃውማ ድራማው እየታየ አገር ጥላ እስከመውጣት ደርሳለች። እዚህ ግን አንድ ሰው ተጎዳ፣ አረፈ፣ ተመለሰ። ተመልካቹ ምንም አልጎደለበትም። የቻይና ገንዘብ ምን ገዛ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው። ከግሪኩ መርከብ ይልቅ እነዚያ የዕረፍት ቀናት ይበልጡብኛል።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2016፣ በሶል ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በቤጂንግ 3 ሰዓት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል በኬቢኤስና በአይቺዪ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ቻይንኛው የግርጌ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ ፈቃዱም ወጥቶ አልቆ ነበር። ኮሪያ ውስጥ በመጀመሪያው ምሽት የተመልካች መጠኑ 14.3 በመቶ ሆነ። በሦስተኛው ክፍል ከ20 በመቶ አለፈ። ኤፕሪል 14 ቀን፣ በመጨረሻው ክፍል፣ 38.8 በመቶ ደረሰ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ በተተከለበት ዘመን ይህ ቁጥር ለማመን የሚከብድ ነው።

አይቺዪ ብልህ ነገር አደረገ። ለከፈለ አባል በዚያው ሰዓት፣ ላልከፈለ ከሳምንት በኋላ። አንድ ሳምንት ትንሽ ጊዜ ይመስላል። ግን ጓደኞችሽ ሁሉ አይተው ሲያወሩ አንቺ ብቻ የማታውቂው ሳምንት ረጅም ነው። ቻይናውያን ያኔ በኢንተርኔት ለሚያዩት ድራማ መክፈል ገና መልመዳቸው ነበር። አይቺዪ በዲሴምበር 2015 10 ሚሊዮን ከፋይ አባላት ነበሩት፤ በጁን 2016 20 ሚሊዮን ሆኑ። እድገቱ የዚህ ድራማ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ እጅ እንዳለበት ግን አያጠራጥርም። በአይቺዪ ላይ ድራማው ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል።

ነገሩ ከድራማነት አልፎ ነበር። የቻይና የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስቴር ዌይቦ በተባለው የቻይና ማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ስለ «ሶንግ ጁንግ ኪ በሽታ» አስጠነቀቀ፤ ተዋናዩን ወደው ከባሎቻቸው የተጣሉ ሴቶች ወሬ በየቦታው ይናፈስ ስለነበር ነው። የታይላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፕራዩት ቻን ኦቻ ድራማውን አድንቀው የአገራቸው ሰዎችም እንዲህ ያለ ነገር እንዲሠሩ መከሩ። ቬትናም ውስጥ ግን የመረረው ሰው ነበር። የኮሪያ ወታደሮች በቬትናም ጦርነት የፈጸሙትን ግፍ የሚያስታውሱ ጸሐፊዎች የኮሪያ ዩኒፎርም በቴሌቪዥናችን አምሮና ደምቆ አይታይ አሉ። እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። አንድ ድራማ ድንበር ሲያቋርጥ የራሱን አገር ታሪክ ሻንጣው ውስጥ ይዞ ነው የሚገባው። እዚያው ቬትናም በ2018 የራሷን ቅጂ ሠራች፤ ወታደሮቹ ቬትናማውያን ሆኑ።

ጉድለትም ነበረበት። ወደ መጨረሻዎቹ ክፍሎች ማስታወቂያው በዛ። ወታደሩ የቀይ ጂንሰንግ ከረጢት እየመጠጠ ይታያል። ሳንድዊች ቤቱ ታሪኩ ውስጥ እንደ ዘመድ ቤት ይደጋገማል። በአንድ ክፍል መኪናው ራሱን እንዲነዳ ተትቶ ሁለት ሰዎች ይሳሳማሉ፤ መኪናውን ለመሸጥ የገባ ትዕይንት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። የተመልካቹ ቅሬታ ወዲያው ተሰማ፣ ግን ምን ይደረግ? ሁሉም ተቀርጾ አልቋል። ድሮ ቢሆን በማግስቱ ይቀነስ ነበር። አንዴ የሞተ የመሰለው ጀግና ደግሞ ደጋግሞ ይነሳል፤ እኔም በሦስተኛው ላይ ታክቶኝ ነበር። ቀድሞ የመቅረጽ ዋጋው ይህ ነው። ከሠራተኛው እንቅልፍ ጋር ሲመዘን ግን እኔ እከፍለዋለሁ።

አንድ ሰው ሲያተርፍ ሰፈሩ ሁሉ ያንኑ ሱቅ ይከፍታል። በ2016 ቻይናን ታሳቢ ያደረጉ፣ ቀድመው የተቀረጹ ድራማዎች ተከታትለው መጡ። ከሁሉ የሚገርመው ኤስቢኤስ ከኦገስት ጀምሮ ያሳየው «የጨረቃ ፍቅረኞች» ነው። መሠረቱ የቻይና ልቦለድ ነው፤ በ2011 በቻይና ቴሌቪዥን ተሠርቶ ዝነኛ ሆኖ ነበር። ኮሪያዎቹ የቺንግ ሥርወ መንግሥቱን ታሪክ ወስደው ጎርዮ በተባለው የድሮ የኮሪያ ሥርወ መንግሥት ዘመን ተከሉት። አሜሪካዊው ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ገንዘብ አገባበት። ዩኩ የተባለው የቻይና የቪዲዮ ድርጅት ገዛው። የቻይና ታሪክ፣ የኮሪያ እጅ፣ የአሜሪካ ገንዘብ፣ የቻይና ገዢ። ኮሪያ ውስጥ ግን በስርጭቱ ጊዜ እንደተጠበቀው አልታየም። ገንዘብና ጊዜ መኖሩ ብቻ ጥሩ ድራማ እንደማያወጣ ያኔ ታየ።

ዱላው የመጣው ግን ማንም ካልጠበቀበት ወገን ነው። ጁላይ 8 ቀን 2016፣ «የፀሐይ ዘሮች» ካለቀ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ ታድ የተባለውን የሚሳይል መከላከያ በኮሪያ ምድር ለመትከል መወሰናቸውን አስታወቁ። ምክንያቱ ሰሜን ኮሪያ ናት ተባለ። ቻይና ግን ራዳሩ የእኔን ጓዳ ያያል ብላ ተቆጣች።

በኦገስት መጀመሪያ አንድ የኮሪያ ድራማ ተዋናዮች ቤጂንግ ላይ ከአድናቂዎቻቸው ሊገናኙ የያዙት ቀጠሮ፣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተብሎ ተሰረዘ። በአንድ የቻይና ድራማ ውስጥ ስትሠራ የቆየች ኮሪያዊት ተዋናይ በሌላ ተተካች። ለአዲስ ድራማዎች የሚጠየቀው ፈቃድ መልስ አጣ። እምቢ የሚል ደብዳቤ የለም፤ እሺ የሚልም የለም። በኖቬምበር የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ ሲጠየቅ የኮሪያ ሥራዎችን የሚገድብ ትእዛዝ መኖሩን አልሰማሁም አለ። የተጻፈ እገዳ ቢኖር ይግባኝ ይባልበታል፣ ቀን ይቆጠርበታል። ዝም ባለ በር ፊት ግን ምን ይደረጋል? ለታድ ቦታ የጎልፍ ሜዳውን የሰጠው ሎቴ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ እንኳ ቻይና ውስጥ የነበሩት ሱፐርማርኬቶቹ በ2017 በብዛት ተዘግተውበታል። ከሚሳይሉ ጋር ምንም የማይገናኙት ድራማ ሠሪዎች ከዚህ የተሻለ ምን ሊጠብቁ ይችሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የ«ሳይምዳንግ» ጉዳይ ነው። ሳይምዳንግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች እውነተኛ ሠዓሊና ገጣሚ ናት፤ ዛሬ ምስሏ በኮሪያ የ50 ሺህ ዎን ኖት ላይ አለ። እሷን ሆና የተወነችው ሊ ዮንግ ኤ ናት። በ2003 በተጀመረው ስለ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ሴት በሚተርከው ድራማ እስያን ሁሉ ያስለቀሰችው እሷ ናት። ያ ድራማ በ2005 በቻይናው ሁናን ቴሌቪዥን ሲታይ አገር ቆሞ ነበር ያየው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ስትመለስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ዕቅዱ ግልጽ ነበር። በ2015 መቀረጽ ተጀመረ፣ በ2016 አለቀ። ኮሪያና ቻይና ላይ በአንድ ጊዜ ይታያል። የቻይናው ፈቃድ ተጠየቀ። ተጠበቀ። ኤስቢኤስ በ2016 መጸው ሊያሳየው ያሰበውን ወደ 2017 ገፋው። ፈቃዱ አልመጣም። በመጨረሻ በጃንዋሪ 2017 ቻይናን ሳይጠብቅ ኮሪያ ውስጥ ተለቀቀ። ተመልካቹም እንደተጠበቀው አልሆነም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሁለቱ ድራማዎች የተሠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚያብከነክነኝ። ሁለቱም ቀድመው ተቀረጹ። ሁለቱም ትልቅ ስም ያላቸው ተዋናዮች ነበሯቸው። ሁለቱም ወጪያቸውን ያሰሉት የቻይናን ክፍያ ቆጥረው ነው። የለያያቸው ቀኑ ብቻ ነው። አንዱ ከጁላይ 2016 በፊት ወጣ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ። «የፀሐይ ዘሮች»ን የትብብር ምሳሌ አድርገው የሚያነሱ ሰዎች ይህን ሳይጨምሩ ሲቀሩ ይከፋኛል። ከአንድ ገዢ የመጣ ጊዜ በዚያው ገዢ እጅ ይወሰዳል። የሚወስነውም ድራማ አይቶ የማያውቅ የጦር ባለሙያ ሊሆን ይችላል።

የኮሪያ አዘጋጆች ይህን ፈጥነው ገባቸው። ያው ደራሲና ያው ዳይሬክተር በ2018 ሌላ ግዙፍ ድራማ ሲሠሩ ከጀርባ የቆመው ውጭ ገዢ ኔትፍሊክስ ነበር። ኔትፍሊክስ ኮሪያ የገባው በጃንዋሪ 2016 ነው፤ «የፀሐይ ዘሮች» ሊታይ አንድ ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው። እሱም ሥራው ቀድሞ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ በብዙ ቋንቋ የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልገዋልና። በ2018 የወጣው የ52 ሰዓት የሥራ ሳምንት ሕግም ሲታከልበት ያ የእንቅልፍ አልባ አሠራር እየተዳከመ ሄደ። በ2023 ኔትፍሊክስ በአራት ዓመት ውስጥ ለኮሪያ ሥራዎች 2.5 ቢሊዮን ዶላር አወጣለሁ አለ። ገንዘቡ ይበልጣል፣ በሩም በሚሳይል ምክንያት አይዘጋም ይሆናል። ግን ሌላ ዋጋ አለው። «የፀሐይ ዘሮች» ሲሸጥ መብቱ በኮሪያ እጅ ስለነበረ ወደ ሌሎች ብዙ አገሮችም ተሸጠ። ኔትፍሊክስ ሙሉ ወጪውን ከፍሎ ባሠራው «ስኩዊድ ጌም» ላይ ግን መብቱ የኔትፍሊክስ ነው፤ ዓለም ሁሉ ባየው ልክ ለሠሪው የሚጨመር ድርሻ አልነበረም። አይቺዪ የገዛው የመታያ መብት ነበር፤ ኔትፍሊክስ የገዛው ሥራውን ራሱን ነው። የቱ ይሻላል ተብዬ ብጠየቅ ሦስት አራት አይቺዪ እንዲኖር እመኛለሁ። በሁለት ትልልቅ ደጆች መካከል እየተመላለሱ ከመለመን ያድናል።

ቴቤክ ላይ ያለው ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። የማዕድን ቦታው ላይ የተተከለው የወታደር ሰፈር ቀረጻው እንዳለቀ ፈርሶ ነበር። የድራማ ቅጥር ግቢ ነውና ማን ይፈልገዋል ተብሎ ነው። ድራማው ከታየ በኋላ ሰው እየመጣ የት ነው እያለ ይጠይቅ ጀመር። ከተማው በራሱ ገንዘብ በ2016 እንደ አዲስ አስተከለው። ድንኳኑ፣ የሕክምና ጣቢያው፣ ያ ሁሉ እንደነበረ። ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ እንግዳ ያልበዛበት ቦታ ላይ ሰዎች በምናብ አገር ወታደር ቤት ፊት ፎቶ ይነሳሉ።

«ሳይምዳንግ»ም ቀኑ መጣለት። በኦክቶበር 2017 ሁለቱ መንግሥታት ግንኙነታችን ወደ ነበረበት ይመለስ ብለው ተስማሙ፤ የድራማው በር ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 በሁናን ቴሌቪዥን የኢንተርኔት ማሳያ በማንጎ ቲቪ ላይ ሊ ዮንግ ኤ ብሩሿን ይዛ ታየች። ተቀርጾ ካለቀ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።